የሙሐንድ ጆሮ

አክሊ የመቃብሩ ጠባቂ ነው። ከሰላምታ ያለፈ ቃል ሲወጣው የሰማ ሰው ጥቂት ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ግን የደረቀ በለስና አሬራ በጣሳ ይዞ፣ ግድግዳው ላይ ጠጠር ከምትለጥፈው ከፈሩጃ ጎን ቁጢጥ አለ።

ከዚያ ከአልጄሪያ የካቢሊያ መንደር ሰባት ልጆች ከፈረንሳይ ጋር ሲዋጉ ወድቀው እዚያው ተቀብረዋል። ፊታቸው በቀለም ጠጠር እየተሠራ ነው፤ ነገ ጦርነቱ የተጀመረበት ቀን ሲከበር ይመረቃል። ፎቶ ያልተረፈለት ሟች፣ ፊቱ ከቅርብ ዘመዱ ይቀዳ ብሎ መንደሩ ተስማምቶ ነበር። የአክሊ ታናሽ ወንድም ሙሐንድ ፎቶ የለውም። የኮሚቴው ሊቀመንበር ግን፣ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ለሰማዕት አይመጥንም ብለው ፊታቸውን ሊያስቀዱ ራሳቸው ፈሩጃ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰባተኛው ፊት የሳቸውን ሪዝ አብቅሎ ሊያልቅ ነው፤ ሲሚንቶው ገና አልደረቀም። እሳቸውም ከኋላ ቆመው የባንዲራ መስቀያውን ያስቀባሉ።

"እንዴት አደርሽ ልጄ?" አላት አክሊ። "ብርዱ ጠናብሽ? በለሱን ቅመሺ፣ ዘንድሮ ጣፍጧል። ዝናቡ ዘግይቶ ነው መሰለኝ... ለነገሩ ዘግይቶ የመጣ ምን ጊዜም ይቀናዋል።

"ሥራሽ ግሩም ነው። ሪዙማ! ሰባት ዓመት ጫካ የከረመ ሪዝ እንዲህ ተበጥሮ አይቼ አላውቅም። የኛ ልጆች ቅማል ሲለቅሙ ነው የማስታውሰው። ካባውንም አንድ እሾህ አልነካው። ጥንቁቅ ሰው ነው የለበሰው... ጥንቁቅ ሰው ደግሞ ይሰነብታል፤ አይሰነብትም እንዴ?

"እኚያ ደግ ሰው... ስማቸውን አልጠራም፣ መመስገን አይወዱም። ጫካ የገቡት በመጋቢት ነው፤ ተኩሱ በቆመ ማግስት። ምን አለበት? በመጋቢት ለውዙ ያብባል፣ ጭቃው ይደርቃል። ሰው ነገር ይወዳል፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ ጅቡ ከዚያ ወዲህ ተመልሶ ያውቃል? ታዲያ ያስቀረው ጩኸቱ አይደለም?

"ፊታቸውን ለወንድሜ ማዋሳቸውስ! ያ ሞኝ ከእናታችን የወረሰው ጆሮ ብቻ ነበር። በር ሲገባ ጆሮው ይቀድመዋል። እናታችን ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ጆሮውን ዳስሳ ነበር የምትለየው... የኔም ያው ነው። ለሰማዕት ግን አይሆንም፤ እውነታቸውን ነው። ትልቅ ጆሮ ተኩስ ሲጠራ ይሰማና ይሄዳል። ትንሽ ጆሮ ነው የሚበጀው... ሰባት ዓመት ሙሉ ምንም ሳይሰማ ይኖራል።"

ከዚያ ስለ ነገው አወራት። የሟች እህቶች አንድ በአንድ እየመጡ ፊቱን ዳብሰው ያለቅሳሉ፤ ሼኩ ለሰባቱም ፋቲሃ፣ የሙታኑን ጸሎት፣ ይቀራሉ፤ በየዓመቱም እንዲሁ ይቀጥላል። የእኚያ ሰው ባለቤት ግን የት ጋ ቆማ እንደምታለቅስ ግራ ገብቶታል። በቁሙ ፋቲሃ የሚቀራለት ሰው መቼም ዕድለኛ ነው አላት።

ከኋላ የብሩሹ ድምፅ ቆመ። ሊቀመንበሩ ሁለት እርምጃ መጡና ቆሙ። ፈሩጃ ዞራ አላየችም። ጉጠቷን አንስታ ከሪዙ አንዲት ጥቁር ጠጠር ነቀለች። ጥቂት ጠበቀች። ተዪ ያላት የለም። ሁለተኛዋን ነቀለች።

አክሊ ጥምጣሙን አወለቀ። ጆሮውን ወደ ብርሃኑ አዞረላትና እጁን ለምርቃት ዘረጋ።

"አሜን በይ ልጄ። አላህ እኚያን ደግ ሰው ያክብርልን። ከሙሐንድ ጎን ያለችውን መሬት በየሳምንቱ የምኮተኩተው ለሳቸው ብዬ ነው። ያን ጊዜ የዘገየባቸውን ዕጣ አላህ ዛሬ ነገ ሳይል ያድርስላቸው... ፊታቸው ከመረጠው ቦታ ገላቸውን አይለይባቸው።"