ጠያቂ ያጣ አውራ ጣት

ግቢ፣ ግቢ ፀሐይ፣ በሩን ዝጊው ብርዱ እንዳይከተልሽ። ፓርክ የት አደረግሽ? የሰፈራችን የራንድል በረዶ ዛሬም አልተጠረገም አይደል? እኔ ዛሬ ኦፍ ነኝ፤ አጥሚት ሳማስል ዋልኩ። ከዚህ ወደ ማርቲንዴል ሰፈር ነሽ አሉ... እንዲያ ከሆነ ለዚያች ለወዳጃችን ሰላም በይልኝ። ስሟ ምን ያደርጋል፣ ታውቂያት የለ?

እኔማ የማደንቃት ምስጢር አያያዟን ነው። ስንቱ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ለመላው ካልጋሪ ቴክስት ያደርጋል! እሷ ግን የአውራ ጣቷ መገጣጠሚያ አልቆ፣ በሰርጀሪ አውጥተው ሰው ሠራሽ ሲተኩላት ትንፍሽ አላለችም። ለእኔ፣ ለአሥራ ስምንት ዓመት ጓደኛዋ፣ "ኤድመንተን አክስቴ ጋ ልሰነብት ነው" አለችኝ። ባሌን ገረመውን ታውቂው የለ፣ የዋህ ነው፤ "ውብነሽ፣ በዚህ በረዶ እኛ እናድርሳት እንጂ" አለ። "አይ፣ አትቸገሩ" አለች። ሰው ማስቸገር አትወድም... ጨዋ ናት።

በሁለተኛው ሳምንት ሰንሪጅ፣ ሞሉ ውስጥ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ቀኝ እጇን ካፖርቷ ውስጥ ሸጉጣ ግራዋን ዘረጋችልኝ። ፋሻው ብቅ ብሏል። "መቼ መጣሽ?" ብላት "አሁን ጠዋት።" "እጅሽ ምነው?" ብላት "ብርድ መትቶኝ ነው።" ምን እላለሁ? የኤድመንተን ብርድ በፋሻ ይጠቀለላል ማለት ነው አልኩና መንገዴን ቀጠልኩ።

አባቶች "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ሲሉ ተሳስተዋል። መድኃኒቱማ ተገኘላት፤ የጠፋው ጠያቂው ነው! ትናንት ለማኅበራችን ሙሴ፣ ለዘውዱ፣ ምን አለችው መሰለሽ? "እጄን ተቀድጄ ስተኛ አንድ ሰው ብቅ አላለም፤ ማኅበሩን ልተው ነው።" እውነቷን እኮ ነው... ምን ዓይነት ጨካኞች ነን? ብርቱካናችንን አንጠልጥለን ኤድመንተን ድረስ ሄደን፣ ቤት ለቤት እያንኳኳን "እዚህ የታመመች አለች?" ማለት አቅቶን!

እኔ አልተቀየምኩም፣ እንዳይመስልሽ። ግን ሀሞቴን ያወጡልኝ ጊዜ ሦስት ቀን ከአጠገቤ ያልተነሳችው ማን ናት? ፀጉሬን የጎነጎነችኝ፣ ሾርባውን እፍ እፍ እያለች ያጎረሰችኝ? እሷ አይደለችም? ታዲያ እሷ ባንድ እጇ ፀጉሯን እንዴት ታጠበች? የቀሚሷን ቁልፍ ማን ቆለፈላት? እኔ እኮ ያን ሁሉ ዓመት ተራዬን ስጠብቅ ነበር፣ ፀሐይ። እሱ ነው የከፋኝ... በጣም ነው የከፋኝ።

ተይው። እሷ እንደሆነች መስጠት እንጂ መቀበል አይሆንላትም። ደግነቱን ለብቻዋ ይዛ፣ እኛን ባለዕዳ አድርጋ መኖር ነው የምትወደው። ይኼም ትልቅነት ነው፤ ሁሉ ሰው አይችለውም።

ያ ፔርሙስ አጥሚቱ ነው፣ ውሰጂላት። ክዳኑን አላጠበቅኩትም፤ ጣቷ ገና ስለሆነ ለመክፈት እንዳይከብዳት። መኪና ውስጥ ቀጥ አድርገሽ ያዢው። ከማን ነው ካለችሽ... "ከኤድመንተን አክስትሽ" በያት።

እሑድ ማኅበሩ እዚሁ እኔ ቤት ነው። አጠገቤ ያለውን ወንበር ማንም አይቀመጥበትም፤ ከመጣች ትምጣ። አልመጣም ካለችም ምርቃቴን አድርሺልኝ፣ አንቺም አሜን በይ፦ እግዚአብሔር አዲሱን ጣቷን ያጽናላት። ጠያቂ የማያሻው ጤና ይስጣት፤ ዕድሜ ልኳን የጠያቂ እግር ደጇን አይርገጠው።