ከነፕላስቲኩ

ችግኝ ቆጣሪው ሽማግሌና የእህታቸው ልጅ የተገናኙት በአጋጣሚ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነበር። እሷ ለምትሠራበት የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ማስታወቂያ ልታሳትም፣ እሳቸው የችግኝ ቆጠራ ውጤታቸውን የሞሉበትን ቅጽ ሊያባዙ መጥተዋል። ማሽኑ ወረቀት ነክሶ ስለቆመ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ዘንድሮ ዘመድ የሚጠያየቀው ማሽን ሲበላሽ ነው።

ልጅቷ ማስታወቂያውን ዘርግታ አሳየቻቸው። ለዕረፍት የሚበር ሰው ትኬት ሲቆርጥ ጥቂት ጨምሮ ዛፍ ያስተክላል፤ የአውሮፕላኑን ጭስ ዛፉ ይስብለታል ማለት ነው። «ሳይሳቀቁ ይብረሩ፤ ጭስዎን እኛ እናካክሳለን» ይላል። ከጽሑፉ በላይ እሷ ራሷ ከባልደረቦቿ ጋር ችግኝ ይዛ ትስቃለች።

«ይሄ ከእናትሽ ቤት በላይ ያለው ተዳፋት አይደለም?» አሉ አጎቷ።

«እሱው ነው። አምና ሺህ ችግኝ ተከልንበት። ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ከሺው የጸደቀው ሰማንያ አይሞላም።»

«ፀሐዩ በርትቶ ይሆናላ።»

አጎቷ ወደ መሬት አጎነበሱ። እግራቸው ሥር ካለው ፌስታል አንድ የደረቀ ችግኝ አወጡ። ሥሩ ገና በጥቁሩ ፕላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው። በጥፍራቸው ሲቀድዱት ሥሩ መውጫ አጥቶ እዚያው ዞሮ ዞሮ ተቋጥሯል።

ልጅቷ የተቋጠረውን ሥር በጣቷ ነካካችው። በተከላው ቀን ዝናብ እየመጣ፣ አውቶቡሱ እየጠበቀ፣ ፎቶ አንሺው «ቶሎ በሉ» እያለ፣ የያዘችውን ችግኝ ከነፕላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ እንደከተተችው ትዝ አላት። ሌሎቹም እንደዚያው ነበሩ። ቅደዱት ያላቸው ሰው አልነበረም፤ ትኬት ሻጭ ደግሞ ይህን ከየት ያውቃል።

«ቢሆንም አጎቴ፣ ሰው መብረሩን አይተውም። ምንም ካለማድረግ ይሄ አይሻልም?»

«ይህን ያነበበ ሰው ጉዞውን ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል?»

«አንድ የጥርስ ሐኪም ደንበኛ አለን» አለች ቀስ ብላ። «በዓመት አንዴ ነበር ቤተሰቡን ይዞ የሚሄደው። አሁን ሦስቴ ይሄዳል። ዛፌ ተተክሎልኛል ይላል።»

«አየሽ ልጄ፣ የእሱ ጭስ ላይ ወጥቶ ቀርቷል። ዛፉ ይኸው ጉልበቴ ላይ ነው። ቢጸድቅ እንኳ ያን ሁሉ ለመሳብ ስንት ዓመት ይፈልጋል፤ እናንተ ግን በተተከለ ዕለት ተካክሷል ትላላችሁ።»

«ታዲያ ቢሮው ይዘጋ?»

«እንዲያ አልወጣኝም። በአውቶቡስ የሚደረስበትን በአውቶቡስ ሂዱ በሉ። መብረር ግድ ከሆነ አንዴ ሄዶ ሰንብቶ መምጣት ነው። ችግኝ የሚተክል ፕላስቲኩን ይቅደድ፤ ሦስት በጋ የሚያጠጣና የሚኮተኩት ሰው ይኑር። ከዚያ ወዲያ የቆመውን ብቻ ቆጥራችሁ ተናገሩ። የመብረሪያ ፈቃድ ግን አታድርጉት።»

የተማረ ሰው በሽማግሌ ሲረታ ፊቱ ይቀላል። የእሷም ቀላ። አጎቷ ግን ገና አልጨረሱም።

«አናጢው ጎረቤታችሁ አምና ከነቤቱ በናዳ ከተቀበረ ወዲህ እናትሽ ልትለቅ ብላ ነበር» አሉ። «ዛፍ ተክለናል፣ አፈሩን ይይዘዋል ብለሽ ያስቀረሻት አንቺ ነሽ አሉ።»

ልጅቷ የደረቀውን ችግኝ ተቀበለቻቸው። ደረቷን ነፍታ የተናገረችው ነገር ነው። እናቷም ልጄ ተምራለች ብላ አምናት፣ ይህን ሁሉ ወር ናዳ ከሚያሰጋው ተዳፋት ሥር ስትተኛ ከርማለች። 

ማሽኑ ተነሣ። «ማስታወቂያው ስንት ይሁን?» አለ ባለቤቱ።

«እሱ ይቅር። የእሳቸውን ቅጽ አባዛልኝ፤ ትኬት ለሚቆርጥ ሁሉ የምሰጠው።»

ከዚያ ስልኳን አወጣች። «እማዬ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ። ዛሬውኑ እኔ ጋ ትመጫለሽ።»

«ዛፉስ?» አሉ እናት።

«አልያዘም፣ እማዬ። ዋሽቼሻለሁ።»

ቢሮው ለጥቂት ሳምንት አኮረፋት። ቅጹን ካነበቡት ግን አንዳንዶቹ አንዱን በረራ ሰረዙ፤ የጥርስ ሐኪሙም ሦስቱን ወደ አንድ መለሰ። በተዳፋቱ ላይ እንደገና ሲተከል አጎቷ መቀስ ይዘው ከያንዳንዱ ጉድጓድ አጠገብ ቆሙ። አብዛኞቹ ችግኞች ዛሬ ቆመዋል፤ አፈሩንም መያዝ ጀምረዋል።

ለዚያው ዓመት ክረምት ግን አልደረሱም። ሐምሌ ውስጥ የተዳፋቱ አንድ ወገን ወርዶ የእናቷን ቤት ከነግድግዳው ወሰደው። ጎረቤት አካፋ ይዞ ሲሮጥ ልጅቷ መንገዱ ላይ ቆማ፣ የእናቷን ክንድ አጥብቃ ይዛ፣ «ውስጥ ሰው የለም» ትላለች ላለፈው ሁሉ፣ «ውስጥ ሰው የለም።»