ደመና የተባለው ቤት

ሠላሳ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ ደመና ቢጠይቁኝ አላፍርም ብዬ ነበር የምኖረው። ኅዳር ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ግን ከመካነ ኢየሱስ ወደ ወገዳ ስመለስ፣ ስለዚያው ስለ ደመና ምንም ሳይገባኝ እንደገባው ሰው ራሴን ስነቀንቅ ዋልሁ። ያልገባው ሰው ራሱን የሚነቀንቀውን ያህል የገባው አይነቀንቅም። ይህን የምጽፈው ሌላው እንደኔ ግራ እንዳይጋባ ነው፤ እኔም ቢሆን አሁን ጠርቶልኛል ብዬ አልምልም።

የተሳፈርንበት አባዱላ ዳገት ላይ ጎማው ፈነዳ። ተለዋጩም ጎማ ነፋስ የለውም ኖሯል። ሾፌሩ የሠራውንም የገዛውንም እየረገመ ጎማውን በሞተር አስጭኖ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ እኛ ተሳፋሪዎቹ መንገድ ዳር ተበተንን። እኔ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ስቀመጥ ሁለት የማውቃቸው ሰዎች መጥተው አጠገቤ አረፍ አሉ።

አንደኛው መሪጌታ ወልደማርያም ናቸው። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ አስመስክረው ከወገዳ ወዲያ ባለች ደብር ጉባኤ ዘርግተው የሚያስተምሩ ሊቅ ናቸው። ሁለተኛዋ ርብቃ ናት። የወገዳዋ የወይዘሮ ተዋበች ልጅ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኋት እኔው ነኝ። ባሕር ዳር ተምራ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ድርጅት አቋቁማለች ሲባል ሰምቼ ነበር። ጉልበቷ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ብረት አስተኝታለች።

መሪጌታ ማዶ ታጭዶ የተኛውን የሰው ገብስ ትክ ብለው ያያሉ።

«የእኔም እንዲሁ ሜዳ ላይ ተኝቷል» አሉኝ። «አምና በዚሁ ሰሞን ያለ ጊዜው ዝናብ መጣና ነዶው እንደተኛ በቀለ፣ ሻገተ። የሚበሉት ሲጠፋ ተማሪዎቼ እስከ ጥምቀት ታገሡኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ጉልበቴን እየሳሙ ሄዱ። ዘንድሮ ዐሥራ አራቱ ተመልሰዋል። ይኸ ገብስ ካልገባ ጉባኤው ተፈታ ማለት ነው።»

«ታዲያ መቼ ይከምሩታል?» አልኋቸው።

«ዛሬ ገብርኤል ነው። ነገ የጎረቤት ባቄላ ይነቀላል። ከነገ ወዲያ ጽዮን ናት። ከጽዮን ማግስት በረጋታ እከምረዋለሁ።»

ርብቃ ስልኳን ነካካች። «የኔታ፣ በድፍረት አይዩብኝና ነገውኑ ቢከምሩት ይሻላል። ከነገ ወዲያ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይታያል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ከደመና የመጣ መረጃ ነው።»

«ከደመና?»

«አዎ የኔታ። መረጃችንን ሁሉ ደመና ላይ ነው የምናስቀምጠው።»

መሪጌታ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። እኔም አየሁ። የኅዳር ሰማይ ነው፤ የጥጥ ባዘቶ የምታህል ነጭ ነገር እንኳ የለበትም።

«ያ ብረትሳ ምንድን ነው?» አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸው ቀዝቀዝ ብሎ።

«ምሰሶ ነው። ኮረብታ ላይ ይተከላል። ነፋሱን፣ እርጥበቱን፣ የዘነበውን እየለካ ወደ ደመና ይልካል። በእውነቱ ወደ እርስዎ ልመጣ ነበር። ከደብሩ በላይ ያለውን ኮረብታ ቢፈቅዱልኝ ብዬ።»

የመሪጌታ ፊት ተለወጠ። «ልጄ፣ ቢሻውን አታውቂውም። በረዶ መላሽ ነበር። ኮረብታ ላይ እንጨት ይተክላል፣ ወደ ደመና ያወራል። በረዶ የወረደ እንደሆነ “በድላችሁኝ ነው” ይላል። የቀረ እንደሆነ “እኔ መለስሁት” ይላል። ከየጎተራው እህል ይሰፈርለት ነበር። ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሜ ያስተውሁት እኔ ነኝ። አሁን እንጨቱ ብረት ስለሆነ እሺ ልበልሽ?»

እዚህ ላይ መምህርነቴ መጣብኝ። «የኔታ፣ ደመና ማለቷ ሳተላይት ማለቷ ነው» አልሁ ጉሮሮዬን ጠርጌ።

«አይደለም፣ ጋሼ ምስጋናው» አለች ርብቃ በትሕትና። «ደመና የሚሉት ቤት ነው። ባሕር ማዶ ያለ፣ ውስጡ በኮምፒውተር የተሞላ ትልቅ ቤት። ያኖርንበትን መረጃ የትም ሆነን በስልክ እናገኘዋለን።»

«ቤት ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ቤት ነው።»

«መሬት ላይ የቆመ?»

«አዎ፣ መሬት ላይ።»

«ጣራ አለው?»

«አለው የኔታ።»

«ታዲያ ቤት ከሆነ ምነው ቤት አይሉት?»

ርብቃ ስልኳን አየች። ወደ እኔ ዞረች። እኔ ጎማ የሌለውን መኪና ማየት ጀመርሁ። ያን ጊዜ ደመና ሰማይ ላይ ይሁን መሬት ላይ ቢጠይቁኝ በእውነት አላውቅም ነበር።

መሪጌታ ጭራቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ ካወዛወዙ በኋላ ፈገግ አሉ። «ቅኔ ተቀኝተውበታል። ሰሙ ደመና፣ ወርቁ ቤት። ለካ ባሕር ማዶም ባለ ቅኔ አለ!»

ሦስታችንም ሳቅን። እሳቸው ግን ቶሎ ኮስተር አሉ። «ስሙስ ይሁን። የሚመጣውን የሚያውቅ ግን አንድ እግዚአብሔር ነው።»

«የኔታ» አለች ርብቃ፣ «የመጪው ዓመት ጾመ ነነዌ መቼ ይገባል?»

መሪጌታ ጣታቸውን ቆጥረው ወሩንም ቀኑንም ነገሯት።

«ነነዌን የሚያመጧት እርስዎ ነዎት?»

«ምን ማለትሽ ነው? አበው ቀምረውታል። እኔ እቆጥራለሁ እንጂ!»

«እኛም እንቆጥራለን። ቢሻው እመልሳለሁ ነው ያለ። እኛ አንዲት ጠብታ አንመልስም። ከየምሰሶው የመጣውን ቆጥረን “የሚመጣ ይመስላል፣ ክመሩ” እንላለን። ገበሬው በተራ ስልኩ በአማርኛ ይሰማል፤ እሱን ምንም አናስከፍለውም፤ ወጪያችንን የዘር አቅራቢ ማኅበራት ይሸፍኑልናል። የኔታ፣ የዓለም አየር ተዛብቷል። የአያቶቻችን ምልክት መሳት የጀመረው እኛ አገር ብቻ አይደለም። አምና ገብስዎን የወሰደውም ይኸው ነው።»

መሪጌታ ወደ ስልኳ ጎንበስ አሉ። «ከነገ ወዲያ መዝነቡ የታመነ ነው?»

«ከዐሥር ሰባት።»

«ምን?»

«እንዲህ ያለ ሰማይ ዐሥር ጊዜ ቢታይ ሰባቱን ጊዜ ይዘንባል።»

«ሦስቱንሳ?»

«ሦስቱን ጊዜ አይዘንብም።»

«ባሕረ ሐሳብ ከዐሥር ዐሥር ነው ልጄ።»

«የእኛ ገና ተማሪ ነው የኔታ።»

በልቤ ተናደድሁባት። አንዴ ሊቁን ይዛ ሳለ «በእርግጥ ይዘንባል» ብትላቸው ምን ነበረበት? ሰው ማሳመን የሚፈልግ ሰው እንዲህ በራሱ ላይ ይመሰክራል? መሪጌታ ግን ማዶውን ገብስ እያዩ ሲያሰሉ ቆዩና እንዲህ አሉ፦

«ከምሬ ባይዘንብ የሚቀርብኝ የአንድ ቀን ድካም ነው። ሳልከምር ቢዘንብ ዐሥራ አራት ተማሪ ነው። ነገ ደቦ እጠራለሁ። ብረትሽን ግን አልፈቀድሁም።»

ይህን ብለው መልእክቱ እንዲደርሳቸው የስልካቸውን ቁጥር ሰጧት፤ ጎማውም መጣ።

በማግስቱ ጎረቤቱ ባቄላውን ትቶ ወጣ፤ ገብሱ እስኪመሽ ተሰብስቦ ተከመረ። በጽዮን ዕለት እኔም ለማንገሥ ወደ ደብሩ ወጣሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ዝናቡን ልጠብቅ ነው የሄድሁት። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ጠራራ ነው። ዘጠኝ ሆነ፣ ጠራራ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰማዩ እንደታጠበ ብርጭቆ ነበር። ባቄላቸውን ጥለው የደከሙት ሰዎች «መሪጌታንም አታለለቻቸው» እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። እኔም ያስተማርኋት ልጅ ስለሆነች አፈርሁ። 

በሳቸው ቤት አድሬ ጠዋት ስንነሣ ስልካቸው ጮኸች። ድምፁ ሁላችንም እንድንሰማ ጎልቶ ወጣ፤ የርብቃ ድምፅ ነው።

«ትናንት ከሰዓት ይዘንባል ያልነው በእናንተ ቀበሌ አልዘነበም። ወደ እስቴ በኩል ወርዷል። ተሳስተናል። በአካባቢያችሁ ምሰሶ ስለሌለን ከሩቅ ገምተን ነው የተናገርነው። በከንቱ ለደከማችሁ ይቅርታ አድርጉልን።»

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። አሁን ይቆጣሉ ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ።

«ሰሙ፣ መምህር?»

«ሰማሁ የኔታ። በጣም አዝናለሁ።»

«ምን ያሳዝንዎታል? ቢሻው በዐሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ይችን አንዲት ቃል አላወጣትም።»

«የትኛዋን?»

«ተሳስቻለሁ የምትለዋን። ትናንት “ዝናቡን እኔ መለስሁላችሁ” ብትል ማን ያጋልጣት ነበር? ግማሹ ሰው ያምናት፣ እህልም ይሰፍርላት ነበር። እሷ ግን ደውላ ስሕተቷን ነገረችን፤ ለምን እንደሳተችም ነገረችን። እኔ ቤተ ልሔም ድጓ ስማር የሳትሁትን ዜማ እየሸፈንሁ ሁለት ዓመት ባክኛለሁ። ከመምህሬ ፊት “ስቻለሁ፣ ያርሙኝ” ያልሁ ዕለት ነው ትምህርት የጀመርሁት። ስሕተቱን የሚናገር ተማሪ ይማራል። ይደውሉላት። ብረቷን ይዛ ትምጣ።»

 ልጅቷ ልክ ትሆናለች ብዬ ስጠብቅ ሳተች፤ ስለሳተች ትባረራለች ስል ተጠራች። ጡረታ መውጣቴ ሳይሻል አልቀረም።

ምሰሶው በሦስተኛው ቀን ከደብሩ ቅጥር ውጪ ኮረብታው ላይ ቆመ። ኅዳር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው የመሪጌታ ስልክ እንደገና ጮኸ፦ «ነገ ከሰዓት፣ ከዐሥር ስምንት።» መሪጌታ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ አስነገሩ። ጥቂቱ ሰው ከመረ። ብዙው «ባለፈው ሳምንት በከንቱ ተደክሞ አሁንም በስልክ ልንደክም ነው?» ብሎ ተወው። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የወረደው ዝናብ ሁለት ቀን ሙሉ አላባራም፤ ሜዳ የተኛው ነዶ ሁሉ በሰበሰ። የመሪጌታ ገብስ ግን በዚያ በሳተው መልእክት ቀድሞ ተከምሮ ስለነበር አንዲት ዘለላ አልነካውም።

ይኸው ነው እስከ ዛሬ የሚያብሰለስለኝ። ሄጄም ጠየቅኋቸው፦ «የኔታ፣ ገብስዎን ያዳነው ስሕተቱ ነው ወይስ እውነቱ?»

«ያዳነውማ መከመሩ ነው» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፣ አዲስ ነገር ሲመጣብን የምንጠይቀው ሁልጊዜ «ይስታል ወይ?» ብለን ነው። የማይስትማ ቢሻው ብቻ ነበር። ሲስት የሚነግረንን፣ ከስሕተቱም የሚማረውን ብንቀበል ግን ጎተራ አይጎድልም፣ ጉባኤም አይፈታም። አሁን የደብሩ ገበሬ ሁሉ የስልክ ቁጥሩን አስመዝግቧል። መልእክቱ ላይ «እግዚአብሔር ከፈቀደ» እንዲጨመር መሪጌታ ጠየቁ፤ ርብቃ ደግሞ ከዐሥር ስንት የሚለው እንዳይወጣ ለመነች። ስለዚህ ስልኩ ዛሬ «እግዚአብሔር ከፈቀደ፣ ከዐሥር ስምንት» ይላል፤ ማንም ግራ አልተጋባም፣ ከእኔ በቀር።

ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ወደ ደብሩ ወጥቼ ነበር። የጉባኤው ዜማ ከሩቅ ይሰማል። ደጃፉ ላይ ቆሜ ቆጠርሁ፤ ዐሥራ አራት ነበሩ።