ዲቫይደር ላይ የተመታ ሽብልቅ

ያለምወርቅ ለሥራ ሐሙሲት ልትወርድ ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ደርሳ ነበር፤ ሚኒባሱ አልሞላ ቢላት ወደ ቤቷ ተመለሰች። እንኳንም አልሞላ! ስትገባ አባቷ አቶ ገሰሰ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክከው፣ የኤሌክትሪክ ዲቫይደሩ ማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍ ላይ የእንጨት ሽብልቅ በመዶሻ ሲመቱ አገኘቻቸው።

«አባባ! ምን እየሠሩ ነው?»

«ይኼ ሰነፍ ዕቃ እንዳይዘጋ እየቸነከርሁት ነዋ! እናትሽ በብርድ ስትንቀጠቀጥ ዝም ብዬ ልይ?»

እናትዬው ወይዘሮ ፋሲካ ከመጋረጃው ጀርባ ታመው ተኝተዋል። ከጉና የሚወርደው ብርድ ለታማሚ አይራራምና የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ለእሳቸው ተገዛ። ቤቱ የሚተዳደረው ደግሞ ያለምወርቅ የሠርግ ፊልም በምታቀናብርበት ኮምፒውተር ነው። ሁለቱም የተሰኩት እዚያው አንድ ዲቫይደር ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከባድ ሥራ በጀመረ ቁጥር ዲቫይደሩ ቀጭ ብሎ ይዘጋል። ያን ዕለትም ፊልም እንዲሠራ ከፍታው ነበር የወጣችው። አባትና ልጅ በዚህ ሲወነጃጀሉ ሰንብተዋል።

ያለምወርቅ ዲቫይደሩን ብትነካው እጇን ለበለባት። ከግድግዳው መንጭቃ ነቀለችው።

«እማዬን ሊያቃጥሏት ነው? ፕላስቲኩ እኮ ሸቷል! ይህን ቸንክረው፣ በር ዘግተው ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ነበር?»

«ተማርሁ ብለሽ ነው የምትጮኺብኝ? መብራቱን የሚበላው ያንቺው ኮምፒውተር ነው!»

«እሺ፣ አይተው ይፍረዱ!»

አዲስ ዲቫይደር አወጣች። ኮምፒውተሩን ብቻ ሰክታ ከባዱን ሥራ አስጀመረችው፤ አልዘጋም። እሱን ነቅላ ማሞቂያውን ብቻ ሰካች፤ አልዘጋም። ሁለቱን አንድ ላይ ስታሠራቸው ግን ቀጭ!

«አዩ? ዕቃው አልተበላሸም፤ ሸክሙ ነው ከአቅሙ በላይ የሆነው። አህያዎ ጭነት ከብዷት ስትንበረከክ እግሯን በእንጨት ደግፈው ይነዷታል?»

«አራግፍላታለሁ እንጂ!»

«ታዲያ ይኼም አራግፉልኝ ነው የሚለው! ለማሞቂያው ከቆጣሪው የራሱ ወፍራም ገመድ ይሳብለት ብዬ ስንት ጊዜ ለመንሁዎት? ግድግዳው ይበሳል አሉኝ።»

«ገና አሁን ያስለሰንሁት ግድግዳ ነዋ!»

ከመጋረጃው ጀርባ የደከመ ግን የተቆጣ ድምፅ መጣ። «ለግድግዳውስ አሰቡለት፤ ለእኔስ ማን ያስብልኝ?»

አቶ ገሰሰ መዶሻውን አስቀመጡ። ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ምን ሆነ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ አፉን ለመድፈን የሚሮጥ ሰው ብዙ ነው፤ እሳቸውም ከዚያው ወገን ነበሩ። ዲቫይደሩ ከነበረበት እስከ መጋረጃው በዓይናቸው ለኩ። ስንዝር አይሞላም። በዚያ ብርድ ላብ አጠመቃቸው።

«ባለሙያውን ጥሪው» አሉ ጋቢያቸውን አውልቀው። «እስኪመጣ ያንቺው ኮምፒውተር ይጥፋ፣ እናትሽ ትሙቅ።»

ግድግዳው ተበሳ፤ ማሞቂያው የራሱን ገመድና ሶኬት አገኘ። ዛሬ ፊልሙ ሳይቋረጥ ያልቃል፤ ታማሚዋም ሙቀት አያጡም። አቶ ገሰሰ ግን ቁጣቸው አልበረደም። ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት ዲቫይደር ይዳብሳሉ። ባለፈው እሑድ የጎረቤታቸው የይሻው ዲቫይደር ግሎ ቢያገኙት ቤቱን በጩኸት ሞሉት።

«ንቀለው! ግድግዳ ቢበሳ በጭቃ ይለሰናል፤ የተቃጠለ ሰው በምን ይለሰናል?»