ዳማ የቀደመበት ጠላ ቤት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ የዳንግላ ጨዋታ ያለው ወንዝ ዳር ነበር። አሁን እናንተ ባጃጅ የምታጥቡበት፣ እዚያ! ጠላ ቤቱ፣ አረቄ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ ተደርድሮ፣ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ተደፍቶ ካየህ ጠላ ደርሷል ማለት ነው፣ ታዲያ ገበያ ሲፈታ ከቆሰበር የመጣው፣ ከአዘና የመጣው ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል። ሽለላው! ፈረሱ! አይ ጊዜ!

እኔ ያኔ የሰው ጋሪ ነጂ ነኝ። ወላጆቼን አላነሳም። ቤት አልነበረኝም፤ የማድረው ጋጣ ውስጥ ከፈረሱ ጋር ነው፣ ከዳማ ጋር። የጋሪውም የዳማም ጌታ አያ ምንይችል ናቸው። እና ከሥራ ስንፈታ ወንዙን ተሻግረን እትዬ እናኑ ጠላ ቤት እንሄዳለን፤ እሳቸው ለእኔ ቆሎ፣ ለዳማ አተላ በገበቴ ያቀርባሉ። በየቀኑ፣ እዚያው ደጃፉ ላይ። ይህን ያዙልኝ።

ታዲያ የጊዮርጊስ ንግሥ ሲቃረብ አያ ምንይችል እዚያው ጠላ ቤት ተቀምጠው፣ "ዳማ አርጅቷል። ከጊዮርጊስ በኋላ አዘና ወስጄ እሸጠዋለሁ። አንተም ሌላ እንጀራ ፈልግ" አሉኝ። እትዬ እናኑ ግን ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም፣ "ኧረ ዳማ የሚጋልቡትን ፈረስዎን፣ ቦራን ይቀድማል!" አሉ። ቤቱ ሳቀ።

"ማን? ይሄ የጋሪ ከብት?" አያ ምንይችል ብድግ አሉ፣ ጢማቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እንዲህ! "ባባቴ አጥንት! ዳማ በጊዮርጊስ ግልቢያ ከቀደመኝ ለዚህ ልጅ ሰጥቼዋለሁ!"

የወንዝ ዳር ግልቢያ ደንብ አለው። ከገበያው ሜዳ ተነሥቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እትዬ እናኑ ደጅ ያልቃል፤ እሳቸው አዲስ ጋን ከፍተው የመጀመሪያውን ጠላ በገበቴ ያስቀምጣሉ፣ እና ከዚያ መጀመሪያ የጠጣ እሱ ቀደመ ይባላል። መድረስ ብቻ አይበቃም።

ደረሰ ጊዮርጊስ። አያ ምንይችል ቦራን በቀይ ጥልፍ አስጊጠው መጡ። እኔ ኮርቻ የለኝም፣ ዳማ ላይ ጆንያ ጣልኩ። "ድንች ልትጭን ነው?" ይላል ሰው። ተነሣን! ሜዳውን ቦራ ጥሎን ሄደ፣ አቧራውን ብቻ አየሁ፣ በቃ፣ ዳማን በሆዴ ተሰናበትኩት።

ታዲያ ወንዙ ጋ ምን ሆነ? ልብስ አጣቢ ሴቶች በዋዜማው ያጠቡትን ነጠላ ድንጋዩ ላይ አስጥተዋል፣ ነፋስ ሲያርገበግበው ቦራ ደነበረ! ይሽከረከራል፣ ውኃ አልገባም አለ!

"ነጠላውን አንሡ! አንሡ እንጂ!"

"ኧረ እርስዎ ፈረስዎን ያንሡ፣ የእኛ ገና አልደረቀም!"

ዳማ ነጠላውን በየቀኑ ያየዋል፣ ምን ገዶት? በመካከል ሰንጥቆ ተሻገረ። ዳገቱ ላይ ቦራ ደረሰብን፣ እኩል ሆንን፣ እኩል! ደጁ ላይ አያ ምንይችል ዘለው ወረዱ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ እኔ ግን ዳማን ማቆም አቃተኝ፣ ልጓሙን ብስብ ብስብ እምቢ! ገበቴውን አይቷላ! አፍንጫውን እስከ ዓይኑ ነከረና ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጠጣ።

"የጠጣው ፈረሱ ነው! ልጁ መቼ ጠጣ?" አሉ አያ ምንይችል።

እትዬ እናኑ ወገባቸውን ይዘው፣ "አያ ምንይችል፣ የማሉት 'ዳማ ከቀደመኝ' ብለው ነው። ልጁን ማን ጠራው?" አሉ።

ወንዝ ዳሩ በሳቅ ተናጋ። አያ ምንይችል ዳማን አዩት፣ አዩት፣ ከዚያ ቀዩን ጥልፍ ከቦራ ፈትተው ዳማ አንገት ላይ አሰሩ። "ያባቴ አጥንት አይወቅሰኝ። ውሰደው" አሉኝ። ብቻ እትዬ እናኑ "ከገበቴው ይቅመሱ እንጂ" ቢሏቸው፣ "ከፈረስ ቀጥዬ?" ብለው ሄዱ።

— እርስዎስ፣ አባባ፣ ጠጡ?

እኔማ ጠጣሁ! ጋጣ አብረን ስናድር ያልተካፈልነው ምን ነበር? ግን ያ ዳማ፣ ለእኔ ያስተረፈው አንድ ጉንጭ ብቻ ነበር። ሃ ሃ ሃ! አንድ ጉንጭ!