የደከመ ልብና ጯሂው

ካቦው ከሚኖሩበት ሕንፃ ደረጃ መሐል ቆመው ግድግዳውን በጣታቸው ያንኳኳሉ። ላያቸው ሰው የልስኑን ጥራት የሚመረምሩ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ትንፋሽ አጥሯቸው ነው። ግንበኞችን ሲያዝዙ የኖሩ ሰው ናቸውና «ደከመኝ» ከማለት የሰው ልስን መስደብ ይቀላቸዋል።

በዚህ መሐል የእህታቸው ልጅ፣ ነርሷ፣ ከላይ ስትወርድ ተገናኙ።

«ጋሼ፣ እግርዎ አብጧል። መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» አለች፣ ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ።

ካቦው ግራ ቀኙን ቃኙ። «አንቺ የቤት ልጅ ነሽና ልንገርሽ። ልጄ የሚያመጣልኝን ክኒን ትቼዋለሁ። ምላሴ ሥር ደብቄ ዞር ሲል እተፋዋለሁ።»

«ምነው ጋሼ?»

«ልብ የሚያዘገይ ነዋ! ሐኪሙ በአፉ ነግሮኛል። ልብዎ ደክሟል ብሎ ደግሞ ማዘግያ ይሰጣል? ልጄም ሥራዬን ተክቶ የግንባታ ዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከተረከበ ወዲህ ‹አባባ ይረፉ፣ አባባ ይረፉ› ማብዛቱ አላማረኝም። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር! ክኒኑን ስተወው ልቤ እንደ ጎረምሳ ይመታል። ይኸው፣ እጅሽን አምጪ!»

እጇን ደረታቸው ላይ አኖረች። ልባቸው ይጋልባል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የልብን ሩጫ ከብርታት እንቆጥረዋለን።

«ይህ ብርታት አይደለም ጋሼ። ልብ ሲደክም ደሙን እንደሚገባው አይረጭም። ያን ጊዜ ሰውነት በነርቮች በኩል ‹ፍጠን፣ በርታ› እያለ ትእዛዝ ያዘንብበታል። ስንደነግጥ ልባችንን የሚያስሮጡት እነዚያው ነርቮች ናቸው። ለጊዜው ይጠቅማል፤ ውሎ ሲያድር ግን ልብን ይጨርሰዋል።»

«ሰነፍ ካልጮሁበት ይሠራል እንዴ?»

«የደከመ እንጂ ሰነፍ አይደለም። ሲሚንቶ ተሸክሞ ጉልበቱ በከዳው ሠራተኛ ላይ ምክትልዎ ቢጮህበት ምን ያደርጉ ነበር?»

«የምክትሉን አፍ አስዘጋ ነበራ! የደከመ ሰው ሲጮሁበት ትንሽ ይሮጥና ከነሸክሙ ይወድቃል።»

«ክኒኑም የሚዘጋው የጯሂውን አፍ ነው። የሠራተኛውን እጅ አያስርም።»

«ታዲያ መጀመሪያ ስወስደው ለምን አደከመኝ?» አሉ፤ ጥርጣሬው ገና አልለቀቃቸውም።

«ልብ እስኪለምደው ነው። ለዚህ ነው በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ የሚጨመረው። በራስ ፈቃድ ማቋረጡ አደገኛ ነው፤ አሁንም በራስዎ አይጀምሩት። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ እንሂድ።»

ካቦው ለመጀመሪያ ጊዜ ክንዷን ተደግፈው ወረዱ። ልጃቸውም ተጠርቶ መኪና ይዞ መጣ። ካቦው ቀና ብለው ሊያዩት አፈሩ።

«ልጄ፣ አደንዝዘህ ልታስቀምጠኝ ነው ብዬ ጠርጥሬህ ነበር።»

«አውቃለሁ አባባ። ክኒኑን ሲተፉት አይቻለሁ።»

«ታዲያ አይተህ ዝም ትላለህ?»

«ይጮኹብኛል ብዬ ፈራሁ።»

ይህ መልስ ከሕመሙ ይልቅ አመማቸው። የጠረጠሩት ልጅ እየፈራቸው ሊያጣቸው ነበር።

ሐኪሙ ክኒኑን እንደ አዲስ በትንሹ ጀመረላቸው። ወራት ሲያልፉ እብጠቱ ጎደለ፣ እንቅልፋቸው ተመለሰ፣ ደረጃውንም ቀስ ብለው ሳይቆሙ ይወጡት ጀመር። ልጃቸው አሁን ክኒኑን ሲያመጣ አቀብሎ አይሸሽም፤ ተቀምጦ የሥራ ውሎውን ያጫውታቸዋል፣ ሲሳሳትም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያርሙታል።