የቅሬ ጥሪ፣ ስሪት ዜሮ ነጥብ አንድ

እንደምን አደሩ ጋሽ አራጋው። ይግቡ፣ ይግቡ፣ በሩ ላይ አይቁሙ፤ የጧት ጉም ልብስ ያርሳል። እዚች ወንበር ላይ አረፍ ይበሉ። እግሯ ትንሽ ይነቃነቃል እንጂ እስካሁን ሰው ጥላ አታውቅም። ቤተሰብ ሰላም ነው? እትዬስ? አልሐምዱሊላህ። የጦሳ ተራራ ብርድ ዘንድሮ ባሰበት አይደል? ትናንት ከኮምቦልቻ የመጣች ደንበኛዬ እጇን እያሸች "እንዴት ነው እዚህ የምትኖሩት?" አለችኝ። ለምደነዋል አልኳት። የደሴ ሰው የማይለምደው ነገር አለ እንዴ…

ወረቀቱን ይስጡኝ እስቲ። መቶ አርባ ቅጂ? ለየአባወራው አንድ አንድ መሆኑ ነው። እሺ፣ ማሽኗ እስክትሞቅ ትንሽ ይታገሱኛል፤ እሷም እንደኔ ጧት ጧት ቶሎ አትነሳም። ሌላ ፎቶ ኮፒ ቤት ቢሄዱ ፈጥነው ይሠሩልዎት ነበር። ግን ሌላው አገር እድር የሚለው የሆጤ ሰፈር ቅሬያችን ዳኛ ሆነው እኔን ሳፊያን አልፈው ሌላ ጋ ቢሄዱ ደግሞ እቀየም ነበር።

ላንብበው? ሳላነብ አላባዛም፣ ክፉ ልማዴ ነው። "የእሁድ የቅሬ ስብሰባ አጀንዳ። አንድ፣ አቶ በላቸው ለሠላሳ አንድ ዓመት ጥሩምባ እየነፉ ለቅሶ ስለጠሩ ተመስግነው እንዲያርፉ። ሁለት፣ ከእንግዲህ ጥሪው በስልክ ፕሮግራም እንዲሆን።" ያምራል። "ተመስግነው እንዲያርፉ"… ቋንቋው ራሱ ደስ ይላል። ሦስት ላይ ግን ቁጥሩ ብቻ ነው ያለው፣ ከአጠገቡ ምንም አልተጻፈም። ይሄንን የጻፈልዎት ሰው… ይቅር። ሌላ ጊዜ ይሞላዋል። እንዲሁ ላባዛው አይደል?

ፕሮግራም ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ለወሬ ጊዜ እንደሌለዎት አውቃለሁ፣ ግን ማሽኗም ገና ነች።

ሥራ ሲቀዘቅዝ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ኮድ እማራለሁ። አይሳቁብኝ፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ። ጀማሪዎች የሚማሩበት ድረ ገጽ አለ፤ ከየአገሩ ሰው ይገባል፣ የሠራውን ይለጥፋል፣ ሌላው አይቶ "እዚህ ጋ ተሳስተሃል፣ እዚህ ጋ ጎበዝ" ይለዋል። እኔ አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለኝ፤ የቅሬያችንን የድንኳን ተረኛ የምትናገር። አስቀያሚ ነች፣ ቀለም እንኳ የላትም። ቁልፏን ሲጫኗት ግን "የዛሬ ተረኛ ሀፊዝ ነው" ትላለች፣ ሀፊዝም መጥቶ ይሸከማል። በቃ ሌላ ነገር አታውቅም።

እዚያ ገጽ ላይ ነው ያገራችንን ልጅ ያገኘሁት። ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ልጅ መሰለዎት። ስሙን አልጠራም፣ ሐሜት ይሆንብኛል። ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው። የደሴ ብርድ ጣት ያደርቃል፣ ኮድ አያስጽፍም ብሎ ነው አሉ የወረደው። እርስዎም እዚያ ልጅ አለዎት መሰለኝ? ምናልባት ይተዋወቁ ይሆናል፣ ከተማዋ ጠባብ ናት።

ሠላሳ አራት ሥራ አለው። እኔ አንድ፣ እሱ ሠላሳ አራት። እንዴት አልቅና? ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ከፈትኩት። ሂሳብ ማስሊያ አለው፣ ይደምራል። ማባዣውን ሲነኩት "በቅርቡ" ይላል። የኳስ ጨዋታ አለው፤ ኳሷ ወደ ላይ ትወጣለች… ከዚያ ወዴት እንደሄደች አላህ ይወቅ፣ እስካሁን አልወረደችም። የሶላት ሰዓት የሚናገር አለው፤ የንጋቱን፣ ሱብሒን ብቻ ነው የሚያውቀው። የክርስቲያን ልጅ ሆኖ ለኛ አስቦ ሱብሒን ማድረሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ የቀሩትን አራቱን እኛው እንወቅበት እንጂ። የገራዶ ሚኒባስ መነሻ ሰዓት የሚልም አለው። ውስጡ ያለችው አንድ ሚኒባስ ናት፣ እሷም አምና ሥራ ያቆመች። "ሰላም ዓለም" ብሎ የሚጽፍ ደግሞ ስምንት አለው፣ በስምንት ቀለም። ዓለም አልመለሰችለትም እንጂ እሱስ ሰላምታ አላጓደለም።

ከሁሉም ሥር "በቅርቡ ይጠናቀቃል" ተብሎ ተጽፏል። ሁለት ዓመት የሞላውም አለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ? የሱ እንቁላሎች እግር አላነሳቸውም፣ ቅርፊቱን የሚሰብርላቸው ነው ያጡት። አንዲት ጀማሪ ከሩቅ አገር ሆና "ቁልፉ አይሠራም" ብላ ጻፈችለት። ምን ብሎ መለሰላት መሰለዎት? አውራ ጣቱን ቀስሮ "አመሰግናለሁ"። እንዲህ ያለ ምስጋና አዋቂ ልጅ ማን አሳደገው አልኩ። አባቱ መቼም የተከበረ ሰው መሆን አለበት። ስብሰባ የሚመራ፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርግ፣ ሲናገር ጉሮሮውን የሚጠራርግ… እንዲሁ በግምት ነው፣ እኔ አላውቀውም።

ይሞቅዎታል እንዴ? ኮትዎን ያውልቁት እንጂ።

ሠላሳ አራተኛው ሥራው ነው እንግዲህ የኛው። "የቅሬ ጥሪ፣ ስሪት ዜሮ ነጥብ አንድ" ይላል። ሰው ሲሞት የሟቹ ስም ይጻፋል፣ ቁልፏ ትነካለች፣ መርዶው በመቶ አርባው አባወራ ስልክ ላይ ይደርሳል። ሐሳቡ እውነት ጥሩ ነው፣ ይሄን ስል ምንም አሽሙር የለበትም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። ለለቅሶ አይበቃም ያለ ግን የለም።

በጥሩምባው ፈንታ ፕሮግራሙ የተሞከረበትን የዛሬ ሦስት ሳምንቱን ማክሰኞ ያስታውሱታል መቼም። ቁልፏን የነኩት እርስዎ ነበሩ መሰለኝ? አብሽሩ፣ ጥፋቱ የጣት አይደለም። አክስቴ መርየም ሱብሒ ላይ ሞተች። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኛ ዘንድ ሬሳ አያድርም፣ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ መቀበር ነበረባት። እርስዎ ስሟን በትክክል ጽፈዋል፣ ወላሂ ኋላ ስልክዎ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ፣ አንዲት ፊደል አልጎደለችም። ልጁ ግን ሲሞክር የጻፈውን ስም ሳያነሳው ትቶት ኖሯል። ለሙከራ የሰው ስም ያስፈልጋል። ከመቶ አርባ አባወራ ማን መጣለት? ጥሩምባ ነፊያችን። ስለዚህ የማንም ስም ቢጻፍ የሚደርሰው መልእክት አንድ ነው፤ "አቶ በላቸው ዛሬ ጧት ስላረፉ የቅሬው አባላት በሙሉ ቤታቸው እንድትገኙ።"

ሰው ምን ያድርግ? ሄደ። ድንኳኑ ጋሽ በላቸው ደጅ ተተከለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ወንድሜን" እያሉ ገቡ። ቆፋሪዎቹ ዶማና አካፋቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወረዱ። ጋሽ በላቸው ለቅሶውን ከጓሮ ሰምተው፣ ሥራ የመጣ መስሏቸው፣ ጥሩምባቸውን ይዘው ብቅ አሉና "ማን ሞተ?" ብለው ጠየቁ። አንዷ ፊት ለፊት እያየቻቸው "ጋሽ በላቸው" አለቻቸው፣ ደንግጣ እኮ ነው። እሳቸውም ሌላ በላቸው መስሏቸው "እኔን አፈር ያድርገኝ" ብለው አብረው ማልቀስ ጀመሩ።

የሞተ ተጎዳ ይባላል፣ ያን ቀን ያልሞተውም ተጎዳ። እውነተኛዋ ሟች ማን እንደሆነች ከእርስዎ ተጠይቆ እስኪታወቅ፣ ቆፋሪዎቹም ተጠርተው እስኪመለሱ፣ ጉድጓዱ እስከ ጉልበት ደርሶ ነበር። እሱም በጅምር ቀረ። ከዚያ ልጅ እጅ የወጣ ነገር መቼም… ጋሽ በላቸው እንኳ ሞተው አላለቁም።

እኔ ያን ሰዓት አክስቴ ታጥባ፣ በነጭ ጨርቅ ተከፍና፣ አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ። ቤት ውስጥ አራት ሴቶች ነን። ደጁን አያለሁ፣ ሰው የለም። ደግሞ አያለሁ፣ የለም። የስንቱን ለቅሶ የደረሰች ሴት ማንም ሳይመጣላት ቀረ ብዬ አለቀስኩ። ከሞቷ ይልቅ ያ ነው ያቃጠለኝ፣ አልዋሽዎትም፣ አሁንም ያቃጥለኛል። ከዚያ ጥሩምባው ተሰማ። "ሞቱ" የተባሉት ሰውዬ ራሳቸው ናቸው፣ ዳገቱን እየሮጡ፣ "መርየም ናት፣ የሆጤዋ መርየም ናት፣ ኑ" እያሉ። ዙሁር አለፈን እንጂ ከተሲያቱ የዐስር ሶላት በኋላ እስላሙም ክርስቲያኑም ባለበት ቀበርናት።

ጥሩምባው እርግጥ አርጅቷል። አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፣ ቀለሙንም አይቀይርም። ጋሽ በላቸውም ኋላ ቀር ሰው ናቸው። ሸዋረጋ ልቧ ደካማ ነው ብለው ደጇ ሲደርሱ መንፋቱን ያቆማሉ፤ በሯን አንኳኩተው፣ አስቀምጠው፣ ውሃ አስጠጥተው ነው የሚነግሯት። አብዱልወሀብ ጆሮው አይሰማም ብለው ገብተው ትከሻውን ይነኩታል። ይሄ ሁሉ የጊዜ ብክነት አይደለም? ስልክ ቢሆን ለሁሉም እኩል ይጮህ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሲያባክኑ ኖረው እሁድ ጥሩምባዋን ያስረክባሉ። ከዚያስ ምን ይሠራሉ? ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ሰው የሚያውቃቸው በዚያች ጥሩምባ ነው። ትናንት ደጃቸው ቁጭ ብለው ሲወለውሏት አየሁ። ነገሩን ያውቃሉ።

ልጁስ ምን አደረገ አይሉኝም? እሱ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዓይነት አይደለም። በሳምንቱ አዲስ ስሪት ለጠፈ፣ ዜሮ ነጥብ ሁለት። እኔም ተስፋ አድርጌ ከፈትኩት። ሰማያዊ የነበረችው ቁልፍ አረንጓዴ ሆናለች። ስሙስ? ብዬ የራሴን ስልክ ብቻ አስገብቼ "ሙከራ" ብዬ ጻፍኩና ነካኋት። ጋሽ በላቸው እንደገና ሞቱ። ለሰው ሞት አነሰው ይባላል፤ ለሳቸው ግን ለየስሪቱ አንድ አንድ ደርሷቸዋል።

ከሥሩ ምን ብሎ እንደጻፈ ልንገርዎት? "በመቶ አርባ አባወራ ላይ ተሞክሮ ውጤታማ ሆኗል።" ተሞክሮ… ተሞክረናል መቼም፣ እሱን አልክድም። አሥራ አራት ሰው ወዶለታል። አንዱ "ንድፉ ንጹህ ነው" ብሎታል። እውነቱን ነው፣ ምንም የሌለበት ነገር ንጹህ ነው። ቀጥሎ ደግሞ "በደሴ አንድ ቅሬ ከእሁድ ጀምሮ በይፋ ይጠቀምበታል" ይላል። ስብሰባው ገና ሳይደረግ፣ ሰዉ ገና እጁን ሳያወጣ። እንዴት ያለ አርቆ አሳቢ ልጅ ነው? ወይስ ከላይ የነገረው ሰው አለ? እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወረቀት አባዢ ነኝ።

ያቺ ስም የተጻፈችባት መስመር እኮ አንዲት ናት። አምስት ደቂቃ አትፈጅም። አስተካክዬ እዚያው ገጹ ላይ ጻፍኩለት፣ "ልጄ፣ ይሄን ገልብጠህ አስገባ፣ ያልቃል" ብዬ። አውራ ጣቱን ቀሰረልኝ። ይኸው አሥር ቀን ሆነው።

ሰነፍ ነው አላልኩም፣ አፌን ይያዙልኝ። ሠላሳ አራት ነገር የጀመረ ሰው እንዴት ሰነፍ ይባላል? እንዲያውም ብርቅ ነው። አባቱ ቢኮራበት አይፈረድበትም፤ የሰው ልጅ በልጁ ዓይኑ ይጋረዳል፣ እኔም ብሆን ይጋረድብኝ ነበር። ብቻ ዓይኑ የተጋረደ ሰው ሌላውን ሰው ከሥራው ሲያነሳ ቢያንስ እጁ አይቸኩልበት እላለሁ። የርስዎን ነገር አይደለም። የርስዎማ ዓይን ጥርት ያለ ነው።

ይኸው ሞቀች፣ ሞቀች። ሲያወሩ ሰዓቱ አይታወቅም አይደል? መቶ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ። አንድም አልጎደለም። በላስቲክ ልጠቅልልልዎት፣ ጉሙ እንዳያበላሽብዎት። እሁድ እኔም እመጣለሁ፣ ጥግ ይዤ እሰማለሁ።

ቆይ፣ ሳልመርቅዎትማ አይሄዱም። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ደጅዎ ሰው አይጣ፣ ክፉ አይንካዎት፣ መቶ ዓመት ይኑሩልን። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ፣ ለማንም የማይቀረው ቀን ሲመጣ፣ ጋሽ በላቸውም ጥሩምባቸውም በሌሉበት፣ ለእርስዎ ለቅሶ ሕዝቡን የሚጠራው የዚያ ልጅ ፕሮግራም ይሁን። አሚን ይበሉ እንጂ፣ ጋሽ አራጋው።